ወረንጦና ሬዲዮ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያመራ መንገደኛ ገሳይ ሲደርስ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል። የጉና ተራራ ከነግርማ ሞገሱ ከፊቱ ይቆማል፤ የገብሱና የድንቹ ማሳ ዳገቱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። በዚህች የደጋ ከተማ አንድ ጡረተኛ መምህር ይኖራል። ማለዳ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጁ መደብ ላይ ይቀመጥና ሬዲዮውን ይከፍታል። ጎረቤቱ የሆነች አንዲት እናት ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ ጀሪካኗን እንዳዘለች ቆም ትልና፣ «መምህር፣ ዓለም እንደምን አደረች ይላሉ?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም የሰማውን ይነግራታል። የሁለቱ የዘወትር ልማድ ይህ ነው።

ብዙው ዜና ከማለዳው ጤዛ ጋር አብሮ ይረግፋል። ሁለት ዜናዎች ግን በመምህሩ ልብ ውስጥ ተገናኝተው አልላቀቅ አሉ። የመጀመሪያው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መመረቁ ነው። መምህሩ በሥራ ላይ ሳለ የአንድ ወር ደመወዙን ለቦንድ የሰጠ ነውና ያን ዕለት ዕንባ ተናነቀው፤ ደስታውም የተገባ ደስታ ነበር። ሁለተኛው በኅዳር 2018 ዓ.ም. የተሰማው ነው። ግብፅ ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠ።

መምህሩ ሬዲዮውን ዘግቶ ወደ ጉና ተመለከተ። ከዚህ ተራራ የሚፈልቁት ርብና ጉማራ ጣናን ይመግባሉ፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም በረሃውን ሰንጥቆ ግብፅ ይደርሳል። ከታች ሆኖ የሚጠጣው ሕዝብ ዓይኑን አዳነ፤ ከምንጩ ራስጌ የሚኖረው ሕዝብ ግን ዛሬም ዓይኑን ያሻል። ነገሩ ይበልጥ የሚከነክነው ግብፅ የዚህ በሽታ ጥንታዊ መናኸሪያ ስለነበረች ነው። በ1798 እ.ኤ.አ. ወደዚያ የዘመተው የናፖሊዮን ጦር የዓይን ሕመም ተሸክሞ ወደ አውሮፓ በመመለሱ፣ ሐኪሞች በሽታውን በግብፅ ስም እስከ መጥራት ደርሰው ነበር። እርሷ ነጻች። ከእርሷም በፊት ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ነጽተዋል። እንግዲያስ ደቡብ ጎንደር እስከ ዛሬ ምን ይዞት ነው?

ትራኮማ፣ ሕዝባችን የዓይን ማዝ የሚለው፣ በዓይን በማይታይ ተሕዋስ የሚመጣ ሕመም ነው። ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። በልጅነት እየተመላለሰ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሳል፤ ጠባሳውም ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍት ዓይንን መጠበቁን ትቶ ዓይንን መፋቅ ይጀምራል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ የሆነው በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ ከአዋቂዎቹም 5.2 በመቶ ያህሉ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከዓለም የትራኮማ ሸክም ከግማሽ የሚበልጠው ያረፈው በኢትዮጵያ ትከሻ ላይ ነው።

የመምህሩ ጎረቤት ከማተቧ ጋር አንዲት ትንሽ ወረንጦ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ወረንጦ በባላገር ቤት የእሾህ መንቀያ ነው። እርሷ ግን የምትነቅልበት ሽፋሽፍቷን ነው። የተነቀለው ጸጉር ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ይሰጣታል፤ ተሰብሮ የቀረው ጉቶ ደግሞ እንደ ገለባ ይወጋታል። ወረንጦዋን ከእናቷ ወርሳለች። ሌላዋ ከእናቷ ድሪ ወይም አምባር ስትወርስ፣ ለእርሷ የደረሳት ይህ ነው።

መምህሩ ያቺን ወረንጦ በእናቲቱ አንገት ላይ ያውቃታል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ገና ጎረምሳ አስተማሪ ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ጎልማሶችን ያስተምራል። የዛሬዋ ጎረቤቱ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። እናቷ ግን «ተ»ን ከ«ቸ» መለየት አቃታት። መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ ታስጠጋለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ዕንባዋ ይወርዳል። ለወጣቱ አስተማሪ ይህ ስንፍና መሰለው። አንድ ማታ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ ሰበብ ፈላጊ መሆኗን ተናግሮ ገሠጻት። ሴትዮዋ ቃል አልመለሰችም። በማግሥቱ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። በሪፖርቱ ላይ «በፈቃዷ ያቋረጠች» ተብላ ተመዘገበች። ያን ቃል በእጁ የጻፈው እርሱ ነው።

ስሕተቱን የተረዳው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ስለዚህ በሽታ ማንበብ ሲጀምር ነው። በንባቡም መካከል አንድ የሳይንስ ሰው ታሪክ ገጠመው። በገሳይ አቋርጦ የሚያልፈውን የወረታና የወልዲያ መንገድ ቻይናውያን እንደ ሠሩት የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የትራኮማን ተሕዋስ ለዓለም የገለጠው ቻይናዊ መሆኑን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ታንግ ፌይፋን የተባለው ይህ ሊቅ በቤጂንግ ተሕዋሱን በእንቁላል ውስጥ አሳድጎ ውጤቱን በ1957 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጥርጣሬ እንዳይቀር ተሕዋሱን በገዛ ዓይኑ ውስጥ አስገብቶ ታመመ። በ1958 እ.ኤ.አ. ግን በጊዜው በነበረ የፖለቲካ ዘመቻ ተወንጅሎና ተዋርዶ በራሱ እጅ ሕይወቱን አጠፋ። መምህሩ ይህን ሲያነብ ያቺ ዝም ያለች ሴት ከፊቱ ድቅን አለች። በሕዝብ ፊት የተወቀሰ ሰው ዝም ሲል ጥፋቱን አመነ ማለት እንዳልሆነ፣ ዘመቻ መሪም ከመፍረዱ በፊት መመርመር እንዳለበት፣ ከቤጂንጉ ሊቅና ከገሳይዋ ባላገር በአንድነት ተማረ።

የመድኃኒቱ ታሪክም እንዲሁ ሩቅ ለሩቅ የተያያዘ ነው። አዚትሮማይሲን በ1980 እ.ኤ.አ. በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛግሬብ ከተማ በኬሚስቶች እጅ ተገኘ። ከ1998 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የፋይዘር ኩባንያ ለትራኮማ በነጻ እንዲታደል ለግሷል። በደቡብ ጎንደርም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጤና መሥሪያ ቤቶች ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር በመተባበር አራት ሥራዎችን በአንድነት አካሂደዋል። እነርሱም የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ የመድኃኒት እደላ፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ጽዳት ናቸው። የልጆቹን ቁመት በዘንግ እየለኩ መድኃኒት የሚሰጡ ሠራተኞች ያልረገጡት ቀበሌ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ዙሪያ በ2002 እ.ኤ.አ. 1.5 ቢሊዮን የነበረው ለበሽታው የተጋለጠ ሕዝብ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 103 ሚሊዮን ወርዷል። አንድ አገር ነጻች የሚባለው ንቁው በሽታ ከሕፃናቱ ከ5 በመቶ በታች ሲገኝ፣ ያልታከመ የታጠፈ ሽፋሽፍት ደግሞ ከ1000 አዋቂዎች ከ2 ባነሱት ላይ ብቻ ሲቀር ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ታድሎባቸው እንኳ ከዚህ ልክ ያልደረሱ ወረዳዎች በአማራ ክልል ብዙ ናቸው።

መምህሩ መልሱን ያገኘ መስሎት ነበር፤ «ውኃ ነው!» አለ። የዓባይ ገባሮች ከሚፈልቁበት ተራራ ግርጌ እናት በበጋ ሩቅ ተጉዛ ከቀዳችው ጀሪካን ለልጅ ፊት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብም የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ውኃና መጸዳጃ ቢሟላ ነገሩ ያልቃል ብሎ አሰበ። ሆኖም በዚሁ ክልል፣ በዋግ ኽምራ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ችኩል ፍርዱን አረመው። የውኃና የንጽሕና ሥራ ለብቻው በሦስት ዓመት ውስጥ የበሽታውን ሥርጭት አልቀነሰም። ክኒኑ ብቻውን፣ ውኃውም ብቻውን አልበቃም። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ሳይቋረጡ፣ ከአንድ ትውልድ ልጅነት ለሚረዝም ጊዜ መሥራት ይኖርባቸዋል።

የችግሩ እምብርትም እዚህ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የጅምላ ሕክምና ዘመቻዎች እንዲዘገዩ ተመከረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጉና ደረሰ፤ በነፋስ መውጫ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒትም ባለሙያም ካሉበት ቀሩ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ፤ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ላሉ የተዘነጉ በሽታዎች ይውል የነበረው ገንዘብም አብሮ ቆመ። በእያንዳንዱ መቋረጥ ተሕዋሱ ያጣውን መሬት መልሶ ይይዛል። ትራኮማ ሰው አይገድልም፤ ጩኸት የለውም፤ ስለዚህም የሚኖረው በሰው ልጅ ሥራ መካከል በሚፈጠር ክፍተት ነው።

ዜና መጀመሪያንና መጨረሻን ይወዳል። ዘመቻ ሲታወጅ ይናገራል፤ አገር ነጻች ሲባልም ያበሥራል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ያው ነርስ ያንኑ ዳገት ለሃያኛ ጊዜ የምትወጣበትን ቀን አይቆጥረውም። የሕዝብ ጤና ግን የሚሠራው በዚያ ባልተነገረለት ቀን ነው። ማንበብና መጻፍም እንዲሁ ነበር። ዘመቻው በከበሮ ተጀመረ፤ ያቋረጡትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ምን ሆናችሁ?» የሚል ግን ጥቂት ነበር። ካድሬም ይሁን መምህር፣ የኪነ ጥበብ ሰውም ይሁን ሐኪም፣ የሥራው ሚዛን ያቋረጠውን ሰው ፈልጎ ማግኘቱ ነው።

መምህሩ ይህን አሰላስሎ ሲያበቃ አንድ ማለዳ ጎረቤቱን አስቆማት። የግብፅን ዜና ነገራት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «የእነርሱ ልጆች ዓይን መዳኑ ደግ ነው። ውኃውስ ከእኛው አይደል የሄደ?» አለች። እርሱም፣ «እታለም፣ አንቺስ ለምን አትታከሚም?» አላት። የቆቡ ቀዶ ሕክምና ለዚሁ በሠለጠነ ነርስ፣ በማደንዘዣ፣ በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቅ መሆኑን አስረዳት። ምላጩን እንደማትፈራ ነገረችው። «ዓይኔ ታሽጎ ስቀመጥ ውኃውን ማን ይቀዳል? የልጅ ልጆቼ ገና ናቸው፤» አለች። ሃያ ዓመት በወረንጦ የኖረችው በዚህች ምክንያት ነበር። ሴቶች ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ በትራኮማ የሚታወሩት ሕፃን የሚያቅፉ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ እነርሱ በመሆናቸው እንደሆነ መምህሩ አንብቦ ነበር። ያነበበው አሁን በአንዲት ሴት አፍ ሲነገር ሰማው።

«እኔ እቀዳለሁ፤» አለ።

እርሷ ሳቀች፤ ሰዉም ሳቀ። በገሳይ አንድ ሽማግሌ መምህር ጀሪካን ይዞ ከሴቶች ጋር ተራ ሲጠብቅ የተለመደ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ቀን አሳፈረው፤ ሁለተኛው ቀን ጀርባውን አመመው፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጀሪካን ስንት ፊት እንደምታጥብና ስንቱ ፊት ሳይታጠብ እንደሚቀር ገባው። ሲመለስ ጎረቤቱ አንድ ዓይኗን በፋሻ ታሽጋ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ሬዲዮውን ከፍታ ታዳምጥ ነበር።

«እታለም፣ ዓለም እንደምን አደረች?» አላት።

«ሁሉንም አልሰማሁም፤ እርስዎ ጀሪካኑን ያውርዱ፤» አለችው።

ወረንጦዋ አሁንም አንገቷ ላይ አለች። አንደኛው ዓይን ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል።