በባሕር ላይ የቆመው መንደርና የሸንኮራ አገዳው ምስጋና

ፔናንግ በማሌዢያ ምዕራባዊ ጠረፍ አጠገብ የምትገኝ ደሴት ስትሆን፥ ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን ይባላል። በከተማው ዳርቻ፥ ባሕር ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተሠሩ የቻይናውያን መንደሮች አሉ። የቈረቈሩአቸውም በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ከደቡብ ቻይና፥ ከፉጂያን አውራጃ የፈለሱ የወደብ ሠራተኞችና ጀልበኞች ናቸው። አብዛኛዎቹ መንደሮች በየነገዳቸው ስም ይጠራሉ፤ ከሁሉም የታወቀው የቹ ነገድ መንደር ነው።

ወደዚህ መንደር የገባውን መንገደኛ የባሕሩ ሽታና የሰንደሉ ጢስ ተቀላቅለው ይቀበሉታል። በየደጃፉ ለሰማይ አምላክ የተሰጠች ትንሽ ቀይ መሠዊያ ተሰቅላለች። በእልፍኙ ከፍ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቤቱ አማልክት ምስልና የሞቱት አባቶች ስም የተጻፈበት የእንጨት ሰሌዳ ይቀመጣሉ። ከጠረጴዛው ሥር የምድር አምላክ፥ በማድ ቤት ደግሞ የምድጃ አምላክ ስፍራ ስፍራቸውን ይዘዋል። ጧትና ማታ ሰንደል ለመለኰስ ካህን አይጠራም፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ፥ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም አያት፥ ይህን ይፈጽማል።

ከዓመቱ በዓላት የሚልቀው የቻይና ዘመን መለወጫ በገባ በዘጠነኛው ቀን የሚውለው የሰማይ ንጉሥ ልደት ነው። በታኦ ሃይማኖት ይህ ንጉሥ የአማልክት ሁሉ የበላይ ነው፤ የፉጂያን ተወላጆች ቲ ኮንግ ይሉታል። በዋዜማው ሌሊት የመንደሩ ሰዎች ረዣዥም ጠረጴዛዎችን ደርድረው ቀይ ጨርቅ ያለብሳሉ። በላዩም ሻይ፥ መንደሪን፥ አናናስ፥ የረዥም ዕድሜ ምልክት የሆነ የኤሊ ቅርጽ ያለው ቀይ የሩዝ ኬክ፥ የተጠበሰ አሳማና በቤተ ሰቡ እጅ የታጠፈ ወርቅማ ወረቀት ያቀርባሉ። በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቅጠሉ ያልተገፈፈ ሸንኮራ አገዳ ይቆማል።

ስለ አገዳው የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ጠላት በመጣ ጊዜ የፉጂያን ሰዎች በአገዳ ማሳ ውስጥ ተሸሸጉ፤ በዘጠነኛውም ቀን በደኅና ወጡ። ከዚህም ሌላ በቋንቋቸው «ካም ቺያ» ሸንኮራ አገዳ፥ «ካም ሲያ» ደግሞ ምስጋና ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰሙ አገዳ፥ ወርቁ ምስጋና ነው።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ቤተ ሰቡ ሰንደል ይዞ ይሰግዳል። ከዚያም አንድ ሰው የግማሽ ጨረቃ መልክ ያላቸውን ሁለት እንጨቶች ይጥላል፤ አንዱ በጠፍጣፋው፥ አንዱ በጐባጣው ወገን ከወደቀ፥ መባው ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው። ወረቀቱና አገዳው ይቃጠላሉ፤ ምግቡን ግን ቤተ ሰቡ በአንድነት ይመገበዋል።

በቻይና፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በተጀመረው የባህል አብዮት ጊዜ፥ እንዲህ ያለው አምልኮ አሮጌ ልማድ ነው ተብሎ ተወገዘ፤ በብዙ ስፍራም መሠዊያዎች ተሰባበሩ። በፔናንግ ግን ሥርዐቱ ሳይቋረጥ ኖረ። እዚህ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። በ2006 ከመንደሮቹ ሁለቱ ለአዲስ ሕንፃ ሲባል ፈረሱ። በ2008 ጆርጅ ታውን ከማላካ ጋር በዓለም ቅርስነት በመመዝገቡ የቀሩት መንደሮች ጥበቃ አገኙ። ይሁን እንጂ መዝገብ ምሰሶውንና ጣራውን ቢጠብቅ፥ ሰንደሉን አይለኵስም። ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል። ካህን የማይጠራበት የቤት አምልኮ ወራሽ ካጣ የሚተካው የለም፤ ስለዚህም የዚህ ሥርዐት ዕድሜ የሚለካው በዋዜማው ሌሊት ተመልሰው ከጠረጴዛው ፊት በሚቆሙት ልጆች ነው።