በሃምሳ ሦስት ዓመት አፍ መፍታት



እኔና ባለቤቴ ሥራችንን ለቅቀን ቦንጋ ከገባን ሁለት ዓመት አለፈን። ከሁለታችን አንዱ አዲስ አበባ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ አንዷ ደግሞ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። አንድ አጥቢያ መጋቢ እንደሚፈልግ ሰማን፥ ጸለይን፥ ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን በጅማ በኩል ወረድን። 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲሱ ደመወዝ የቀድሞውን ግማሽ አይሞላም። ይህን የምንጽፈው እንድታዝኑልን አይደለም፤ ሥራ ስለ መቀየር በጠየቃችሁን ጊዜ ሁሉ "ጌታ ያዘጋጃል" እያልን ብቻ ስላለፍናችሁ ነው። ጌታ አዘጋጅቷል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት የቤት ኪራዩን ሁለት ጊዜ በብድር ከፍለናል።

ቋንቋ ጨርሶ አላሳሰበንም ነበር። ቦንጋ ከተማ በአማርኛ የማይሠራ ነገር የለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ቢሮው፥ ባንኩ፥ መናኸሪያው በዚያው ያስተናግዳል። ከከተማ ወጣ ሲሉ ሰው የሚኖረው በካፊኖኖ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አስተርጓሚ አለ። ከሁለታችን ሰባኪው አምስት ደቂቃ ይናገራል፥ ወጣቱ ወንጌላዊ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። አጭር ቋንቋ ነው ብለን ነበር! ዛሬ ስናስታውሰው እናፍራለን።

አንድ ቀን ጊምቦ ወረዳ ገጠር ውስጥ ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ወንድ ልጃቸው የሞተባቸው እናት ናቸው። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልናቸው፥ ከቃሉ አነበብን፥ ጸለይን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙን። ስንጨርስ ቀና ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ። እጃቸው አንዴ ወደ በሩ፥ አንዴ ወደ ጓሮው እንሰት፥ አንዴ ወደ ምድጃው ይሄዳል። በቤቱ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አለቀሱ። ወጣቱ ወንጌላዊ ወደ እኛ ዞሮ፥ "እናመሰግናለን ይላሉ" አለን።

መንገድ ላይ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ "ፓስተር፥ የሚናገሩት ለእናንተ አልነበረም፤ ለልጃቸው ነበር። በአማርኛ እንዴት እንደምለው አላውቅም" አለ። ዝናቡ እየመታን፥ ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ አስፋልቱ ጋ ደረስን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን ከሃያ ዓመት በላይ አስተምረናል። ከየአገሩ ወደ ኢየሩሳሌም ከመጡት መካከል ግሪክኛ የሚሰሙ ብዙዎች ነበሩ፤ በዚያ ቋንቋ ብቻ ቢነገር ጉባኤው ከሞላ ጎደል በተግባባ ነበር። የሆነው ግን እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። እኛ ስለ ተናጋሪዎቹ ስጦታ ስንከራከር ስለ ሰሚዎቹ ጆሮ አንድ ቀን እንኳ አላስተማርንም። በዚያው መጽሐፍ 22፥2 ላይም ጳውሎስ በገዛ ቋንቋቸው ሲናገር የሰሙት፥ ሊገድሉት የመጡት ሰዎች፥ ይበልጥ ጸጥ አሉ። ይህችን ቁጥር በፈተና ላይ ጠይቀናት እናውቃለን፤ እንዳለፍናት የገባን ቦንጋ ላይ ነው።

አማርኛ ወደዚህ አገር የመጣበትንም መንገድ ማሰብ ነበረብን። የካፋ መንግሥት በ1897 እ.ኤ.አ. ከወደቀ በኋላ የገዢና የዳኛ ቋንቋ ሆኖ ነው የቆየው። አንዳንድ አረጋውያን በአማርኛ ስናነጋግራቸው ወገባቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ። አክብሮት መስሎን ነበር፤ አሁን እንጃ።

መማር ጀመርን። "ኖኖ" አፍ ማለት ነው፤ ካፊኖኖ የካፋ አፍ። እኛም አፍ መፍቻ ቋንቋ እንላለንና ነገሩ አልራቀንም፤ አፉ ግን አልፈታ አለ። ሰባኪው እንደ ኮሌጁ ግሪክኛ ደብተር ገዝቶ፥ ሠንጠረዥ አስምሮ፥ ግሱን ሊያረባ ተቀመጠ። የሰማውን ሁሉ በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። ችግሩ እዚያ ነበር። በካፊኖኖ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ቃሉ ሌላ ይሆናል፤ ፊደላችን ደግሞ ያን ርዝመት አያሳይም። ይህን የነገረችን አራተኛ ክፍል የምትማር የጎረቤት ልጅ ናት። መማሪያ መጽሐፏን አምጥታ፥ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ረጅሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ እንደሚደገም በጣቷ አሳየችን። የማስተማሪያ ክፍያዋ ብስኩት ነው።

ባለቤቴ ግን ቀደመች። ሒሳቡን ትታ ገበያው አጠገብ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍታለች፤ እስክሪብቶና ደብተር ሊገዙ የሚመጡ ልጆች ይስቁባታል፥ ያርሟታል፥ እሷም አብራ ትስቃለች። በሦስት ወር ዋጋ ተከራከረች። ሰባኪው እንዲሳቅበት አይወድም፤ ለዚህ ነው ወደኋላ የቀረው ትላለች። መልስ አልተገኘላትም።

በአሥረኛው ወር ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልን። የቀድሞው ዓይነት ሥራ፥ ደህና ደመወዝ። የልጆቹ የዩኒቨርሲቲ ወጪ እያስጨነቀን ስለነበር ሦስት ቀን ተነጋገርንበት፥ ተኮራረፍንበትም። በመጨረሻ አንሄድም አልን። እምነታችን ጠንክሮ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ዕቃውን እንደገና መጫን ሰልችቶን ይሆናል።

ባለፈው ወር እኚያ እናት ቤት ተመለስን። ቡና አፈሉልን፤ በእነሱም አፍ ቡኖ ነው፥ ይህችን ቃል ያለ አስተማሪ አውቀናታል። ወጣቱን ወንጌላዊ ሆን ብለን አላመጣነውም። አራት ዐረፍተ ነገር ያላት ጸሎት በወረቀት ጽፈን ነበር፤ የልጃቸው ስም በሦስተኛው ላይ አለ። እየተንተባተብን አነበብናት። አሜን አላሉም። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር እንድንደግመው አመለከቱን፥ አንዱን ቃል አስረዝመው አሰሙን። ደገምነው። ራሳቸውን ነቀነቁ፥ እንደገና አሰሙን። እንደገና አልነው።

ያን ጊዜ አሜን አሉ።