አምባዛው በቤታችን

በትርፍ ጊዜው ጽጌረዳ የሚኮተኩት ወይም ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አመስጋኝ አያጣም፤ አምባዛ በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ግን ከጎረቤት ሳቅ በቀር የሚያተርፈው የለም። ይህንንም የምለው በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ ወደ ዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ከተማ፥ በሄድሁ ጊዜ አንድ ዓሣ አጥማጅ በመረቡ የተገኘ፥ ከጣቴ እምብዛም የማይበልጥ አምባዛ ሰጠኝ። በላስቲክ ዕቃ ይዤው ገባሁ። የስድስት ዓመት ልጄ ባየው ጊዜ «አባዬ፥ ጢም አለው!» ብሎ ጮኸ። በእርግጥም ስምንት ጢም አለው፤ በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የሚበላውን የሚያገኘው በዚሁ እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፥ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ የመስታወት ሣጥን ከአምስት ወርቃማ ዓሣዎች ጋራ አኖርነው።

ስሕተቴ ከዚህ ይጀምራል። አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፥ አምባዛ በሐይቅ ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል መሆኑን በተረዳሁ ነበር። ወራት ባለፉ ጊዜ ወርቃማዎቹ ዓሣዎች በየሌሊቱ አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። እኛም የጎረቤትን ድመት ጠረጠርን፤ እንዲያውም አንድ ማለዳ ያለ ፍርድ በመጥረጊያ መታኋት። አምስተኛው በጠፋ ማግሥት የአምባዛው ሆድ ተነፍቶ አየሁት። ድመቲቱ ዛሬም ስታየኝ ትሸሻለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አተነፋፈሱ ነው። ከስንጥቡ በላይ እንደ ትንሽ ዛፍ የተቀረጠፈ፥ በደም ሥር የተሞላ ልዩ ብልት አለው፤ በየጊዜውም ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። ስለዚህ ገላው እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ከውኃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ሳይጥል በሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ ስንት ጊዜ እንደ ጎረሰ ይቆጥር ነበር። በዓቢይ ጾም የሠፈራችን ሥጋ ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ከጓሮ ትል ቆፍሮ ያበላው እርሱ ነው።

ነገር ግን ሥጋ የሚበላ ትልቅ ዓሣ ውኃውን ቶሎ ያበላሻል፤ በየሳምንቱም ከፊሉን መለወጥ ግድ ነው። በእኛ ሠፈር ደግሞ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን «እኛ በጀሪካን እየቆጠርን፥ ይህ እንደ ባላባት በየሳምንቱ ይታጠባል» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፥ ዝናብ ሲዘንብ ባደረበት ሌሊት፥ ክዳኑን ገፍቶ በበሩ ሥር ወጣ። የቤቱ ባለቤት እማማ ጎሕ ሲቀድ በግቢው ጭቃ ውስጥ ሲላወስ አገኙት፤ ጩኸታቸው ሠፈሩን ቀሰቀሰ። ሕይወቱ ግን ደኅና ነበረ። ስለካው 68 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ወደ ሣጥኑ በመለስነው ጊዜ ልጄ ጥቂት ተመለከተና «አባዬ፥ መዞር አቃተው እኮ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው እያየሁ ይህን አላስተዋልሁም።

ወደ ሐይቁ ልመልሰው አስቤ ነበር። የዓሣ ሀብት ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ግን፥ ከባሕር ማዶ ዓሣ ጋራ የኖረ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ ስለሚችል ይህን እንዳላደርግ አጥብቆ ነገረኝ። አርዶ መብላትም በልጄ ፊት የሚታሰብ አልነበረም። በመጨረሻ ትዝ ያለችኝ ዝዋይ የምትኖረው አክስቴ ናት፤ በጓሮዋ ለአትክልት ማጠጫ የተሠራ፥ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ አላት። ይልቁንም እንደ ብዙ የቀድሞ ሰዎች ቅርፊት የሌለው ዓሣ አትበላም፤ ለአምባዛው ከዚህ የበለጠ ዋስትና ከየት ይገኛል?

በ2017 ዓ.ም. መስከረም፥ ከላይ የአየር ቦታ በተውንለት በርሜል አድርገን በወዳጄ ፒካፕ ወሰድነው። አክስቴ አይታው አማተበችና «ልጄ፥ ይህ ምን ይበላል?» አለች፤ ልጄም የትሉን ቆርቆሮ ሰጣት። አምባዛው በገንዳው አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከዚያም ወደ ጥልቁ ወርዶ ተሰወረን።

ስንመለስ ልጄ እስከ ሞጆ ድረስ አላነጋገረኝም። የመስታወቱ ሣጥን እስካሁን በሳሎኑ ጥግ ቆሟል፤ ውኃ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ ትሞላዋለች።