ሁለት አግዳሚ እንጨት

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በዓሣ ጉልበት የሚሰበር ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ የሚሰብረው ግን የመኪና በር ነው። ጫፉ ወጣ ብሎ ይረሳል፤ ረዳቱ በሩን ይጠረቅመዋል፤ አበቃ። የካርቦን ዘንግማ ለመለመጥ እንጂ ለመጋጨት አልተሠራም። በጄሪካንና በጆንያ መሃል ሲንገላታ ትንሽ ከተላጠ ያን ዕለት ምንም አይመስልም፤ ሌላ ቀን ዓሣ ሲጎትተው እዚያችው ላይ ቀጭ ይላል።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚመላለስ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ፍራሽ ይጫናል፣ ቆርቆሮ ይጫናል፣ በግ ሳይቀር ይጫናል። ለዘንግ ቦታ ያሰበለት ግን የለም።

መልሱ እኮ ሁለት አግዳሚ እንጨት ነው! አንዱ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሌላው ከኋላ ወንበር በላይ፣ ጣሪያው ሥር ካሉት እጀታዎች ጋር ይታሰራል። ዘንጉ የሚያርፍበት ጎድጓዳ በመጋዝና በሞረድ ይወጣለታል፤ ጎድጓዳው የካላማዳሪ ቁራጭ ይለብሳል፤ ከላይም በካላማዳሪ ጥብጣብ ይወጠራል። ካላማዳሪ ይሳባል እንጂ ዘንግ አይቆርጥም፤ ደግሞም ጎማ ጠጋኙ ደጃፍ ተጥሎ ይገኛል። መንጠቆው ከመነሳት በፊት ይፈታል፤ በኮረኮንች ላይ የሚወዛወዝ መንጠቆ ዓሣ ሳያገኝ ተሳፋሪ ይይዛል። ፒካፕ ላለው ይበልጥ ይቀላል፤ ከጋቢናው ጀርባ የውሃ ቱቦ ቁራጮች አቁሞ ማሰር ነው። ጣሪያ ላይ ከሆነ ወፍራሙ ጫፍ ወደፊት፣ ቀጭኑ ወደኋላ። ጣውላ ከተወደደ የአዊ ቀርከሃ አለ፤ እንጅባራ ከቡሬ ሩቅ አይደለችም።

ይህን ያህል የማብራራው ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። ቀላል ሆኖ ሳለ አለመሠራቱ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። የላህ ወንዝ ፍኖተ ሰላም ሥር ያልፋል፤ ብር፣ ተምጫና ፈጣም ሁሉም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ይገባል። ወጣቱ ዘንጉን በመኪና አስሮ እንግዳ ይዞ ቢወርድ፣ አንድ በአንድ ቢያጠምድ፣ እንቁላል ያዘለችውን መልሶ ቢለቅ፣ ከአንድ ወንዝ ስንት ዓመት ይበላ ነበር? እኛ የመረጥነው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተንን ነው። ብርብራ ትንሽ ትልቅ አይልም፤ ያገኘውን ሁሉ ያደነዝዛል።

ጣና ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል። በሐይቁ ከ15 በላይ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ለመጪው ዓመት የሚተርፈውንም ጭምር ያግበሰብሳል። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲገቡ ልማት ተባሉ፤ ልማትም ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በክብደት ሲሰላ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሱ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ።

ሁለት አግዳሚ እንጨት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር አልልም፤ መረብ የሚዘረጋው አባወራ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ነገር ያስፈልገው ነበር። ያ ሌላ ነገር ግን በእጃችን ነበር፤ ወንዙ፣ ቀርከሃው፣ የቡሬ በያጆች፣ መንገዱ። ዘንግን የልጆች ጨዋታ አድርገን ቆጠርነው። ሸምበቆ ይዞ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ጎረምሳ ሲታይ «ሥራ ፈት» ይባላል፤ ብርብራ የበተነው በጆንያ ሞልቶ ሲመጣ ግን ጎበዝ ነው።

በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅም እንደ ጣና የዚያው ሐይቅ ብቻ የሆኑ የዓሣ ዝርያዎች ነበሩ። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ያለልክ ማስገር ፈጇቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱን ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ። የላናኦ ሰው ዛሬ ዘንጉን ቢያሰናዳ እነዚያን አያገኛቸውም። የእኛ ግን የቀሩት አሁንም በየክረምቱ ወንዝ ይወጣሉ፤ እኛም በየክረምቱ መረቡን አስቀድመን እንዘረጋለን። ጠፍተው ቢሆን አልቅሼ በተውኩት ነበር።