ስለ አሳብ ጭንቀትና ስለ ሰውነት ዕረፍት፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ

የሰው አሳብና የሰው ሥጋ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ባልንጀሮች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሁለተኛው በጤና ሊያድር አይችልም። ይህ ነገር በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ስንሰማው የሐኪም ትምህርት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር የሚጓዝ ሰው ዐይኑን ገልጦ ቢመለከት፥ ትምህርቱን በመንገዱ ዳርና ዳር ያገኘዋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚያ አገርና አገሩ ስለሚያስተምረን ዕረፍት ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ከደረሰ በኋላ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ፥ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ታጥፎ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ለሚሄድ ሰው በስተ ግራው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታየዋል፤ በስተ ቀኙም ምድሩ እየተቆረሰ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከጮቄ የሚነሡት እንደ ሙጋና እንደ ሱሃ ያሉት ወንዞች ደጋውን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይገባሉ። በተራራውና በሸለቆው መካከል የተዘረጋው ጥቁር መሬት የጤፍ አገር ነው፤ የቢቸና ጤፍም በገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ቢቸና በእነማይ፥ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ምድር ያሉ ከተሞች ሲሆኑ፥ አየራቸው ቀዝቃዛና ለጤና የተስማማ ነው።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ይገኛል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ዲማን የሚያውቁት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ በሊቃውንት ዘንድ ግን ከዚያ አስቀድሞ በትምህርት ቤትነቱ የታወቀ ታላቅ ደብር ነው። ወደዚህ ደብርና ወደ ደብረ ወርቅ ከሩቅ አገር እየመጡ የሚማሩ ልጆች ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተውና በትር ይዘው በየመንደሩ ምግብ መለመናቸው የቆየ ልማድ ነው። እስቲ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ከአንድ ደጃፍ ሲደርስ ውሻ ድንገት ዘሎ ወጣበት እንበል።

በዚያች ቅጽበት የልጁ ልብ በኃይል ትመታለች፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ አፉ ይደርቃል፤ እጁ ያልበዋል፤ በትር የያዘ ክንዱና ለመሸሽ የተዘጋጀ እግሩ ይወጠራሉ። ርቦት የመጣው ልጅ በዚያን ጊዜ ራቡን ፈጽሞ ይረሳዋል። አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን የሰውነት ሥራ መርምሮ አስረድቷል። ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ደሙም ከጨጓራና ከአንጀት እየሸሸ ወደ ጡንቻዎች ይሮጣል፤ ጉበትም ስኳር ለደሙ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ወይም እንዲዋጋ ወይም እንዲሸሽ ነው። ስለዚህ ፍርሃት ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰው በሕይወት እንዲኖር የተሰጠው ዘበኛ ነው።

ከዚህ በኋላ እመቤቲቱ ወጥተው ውሻውን ይከለክሉለታል፤ እንጀራም ይሰጡታል። ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲበላና የሸሸበትን እያነሣ ሲሣሣቅ፥ ልቡ ወደ ቀድሞ አመታቷ ትመለሳለች፤ ሆዱም ራቡን ያስታውሳል። ዘበኛው ጮኸ፥ አደጋው አለፈ፥ ዘበኛውም ተኛ። የተፈጥሮ ሥርዓት እንዲህ ያለ ነው።

ከሞጣ በስተ ሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይም ይህንኑ ያሳየናል። ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ሲሆን ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ፈረሰ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች ገመድ እየሳቡ ገበያተኛውን ከውሃው በላይ በአየር ያሻግሩት ነበር፤ በኋላ ዘመን ግን በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። በገመድ የታሰረው መንገደኛ ከጥልቁ በላይ ሲንጠለጠል ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ጭንቀቱ ልክ ነበረው፤ እግሩ ወዲያ ማዶ ያለውን ድንጋይ በረገጠ ጊዜ ያበቃ ነበር።

እንግዲህ የእኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ችግር ከዚህ ላይ ይጀምራል። የእኛ ጭንቀት ወዲያ ማዶ የለውም። ከበላይ የመጣ የቁጣ ደብዳቤ፥ ያልተዘጋ ሒሳብ፥ ያልተቆረጠ ሙግት፥ የሹመትና የሽረት ወሬ፥ የልጆች ትምህርትና የኑሮ ውድነት በቀን ያስጨንቁናል፤ በሌሊትም ከመኝታችን ድረስ ይከተሉናል። ሰውነታችንም በደጃፍ የዘለለውን ውሻና በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ወረቀት ለይቶ ስለማያውቅ ለሁለቱም ያንኑ ዘበኛ ይቀሰቅሳል። ልዩነቱ ውሻው የሚከለከል መሆኑና ወረቀቱ ግን በማግሥቱም ከዚያው ተቀምጦ የሚጠብቀን መሆኑ ነው።

በካናዳ አገር ይኖር የነበረው ሃንስ ሴልዬ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936፥ ሰውነት ለረጅም ጊዜ ሲጨነቅ ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ጽፎ አስታወቀ። ዛሬ የሕክምና ሊቃውንት ነገሩን ይበልጥ ያብራሩታል። ጭንቀት ሲረዝም ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይቆያል፤ ከዚህም የተነሣ እንቅልፍ ይሸሻል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩ ይበረታበታል፤ በሽታን የሚከላከለው ኃይል ይደክማል። አንገትና ትከሻ እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ፤ ራስም ይታመማል። ስለ ጨጓራ ግን አንድ ነገር ለይተን እንናገር፤ የጨጓራ ቁስል በአብዛኛው የሚመጣው ከባክቴሪያ ወይም ከአንዳንድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ነው። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ስለሚችል ግን፥ ሕመምተኛው ሁለቱንም ሊያስታግሥ ይገባዋል።

ጉዳቱም በባለቤቱ ሥጋ ላይ ብቻ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ የዋለ ዳኛ ደጅ ለሚጠናው ባለ ጉዳይ ጆሮው ይደነቁራል፤ የድኻውንም ነገር ሳይጨርስ ያቋርጠዋል። ከቤቱም ሲገባ ያልተገባ ቁጣ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ያወርዳል። ሕፃኑም ከአባቱ ፊት ውሻ እንደ ዘለለበት ተማሪ ልቡ ይመታል፤ እርሱም በተራው መፍራትን ይለምዳል። ስለዚህ ዕረፍት ማወቅ ለራስ መድላት ብቻ አይደለም፤ ለቤተ ሰብና ለፍርድም የሚገባ ግዴታ ነው።

የቢቸናና የሞጣ ሰዎች ጭንቀት የሌለባቸው አይደሉም፤ የዝናም መቅረት፥ የበረዶ መውረድ፥ የዕዳና የድንበር ሙግት ያስጨንቃቸዋል። ነገር ግን አባቶቻቸው ለአሳብ ማረፊያ የሚሆን ልማድ አቆይተውላቸዋል። በየወሩ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ ሲሆን፥ በዓሉን የሚያከብር ገበሬ ሞፈሩን አስቀምጦ ይውላል። በተለይ የዲማና የሞጣ ደብሮች በጊዮርጊስ ስም የተሰየሙ ስለ ሆኑ 23ኛው ቀን በአገሩ የተከበረ ነው። በማኅበሩ ቀን ጽዋው ሲዞር የታመመው ይጠየቃል፤ የተጣላው ይታረቃል፤ የከበደው ሰው ልቡን ያራግፋል። ሙስሊሙም ጎረቤት በቀን አምስት ጊዜ ሥራውን አቋርጦ ይሰግዳል፤ በዓርብም ከወንድሞቹ ጋር ይገናኛል። የአጨዳ ጊዜ ሲደርስም አንድ ሰው ብቻውን የሚሰጋበትን ሰፊ ማሳ ደቦው በዘፈን ያነሣዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ማለት ይህ ነው።

የቅኔ ተማሪም ቅኔ ሲቆጥር ከሰው ተለይቶ፥ ልብሱን ተከናንቦ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል። አሳቡ በብርቱ ይሠራል፤ ሥጋው ግን ጸጥ ብሎ ያርፋል። እኛን የሚያደክመን የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን አሳባችን በአንድ ጊዜ በዐሥር ጉዳይ መበታተኑም እንደ ሆነ ከዚህ ልንረዳ እንችላለን።

እንግዲህ በከተማ የሚኖር ሰው ከዚህ ምን ሊወስድ ይችላል? ፊተኛው ትንፋሽን ማዘግየት ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እስከ 4 እየቈጠሩ በአፍንጫ መሳብ፥ እስከ 6 እየቈጠሩ ቀስ ብሎ ማውጣት፥ ይህንንም 5 ደቂቃ ያህል መደጋገም ይገባል። ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቫጉስ የተባለው ነርቭ፥ ትንፋሽ ሲረጋ ልብን ያረጋጋል። ሁለተኛው ጡንቻን መፍታት ነው። ይህንን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ አስተምሮታል፤ ከእግር ጀምሮ እስከ ፊት ድረስ እያንዳንዱን ጡንቻ ጥቂት አጥብቆ መልሶ መልቀቅ ነው።

ሦስተኛው በእግር መሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ እንደ መሄድ ነው። አራተኛው ከአያቶቻችን የቆየው ማታ በሞቀ ውሃ እግርን መታጠብ ነው። ጥንት መንገደኛ ሲመጣ እግሩ ይታጠብ የነበረው ለክብር ብቻ አልነበረም። የሞቀ ውሃ በእግር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ይቀንሳል፤ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል። ነገር ግን ውሃውን ራሱ አሙቆ ራሱ የሚታጠብ የቤት ጌታ ቤተ ሰቡንም ያሳርፋል።

አምስተኛው መኝታን ማክበር ነው። አዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ መተኛት ያስፈልገዋል። የቡና ኃይል ከጠጡት በኋላ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚገኝ፥ ቡናን ከምሽት ይልቅ በጠዋት መጠጣት ይሻላል። ጠጅና አረቄም ዐይንን ቶሎ ቢከድኑም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፍን ስለሚሰባብሩ የዕረፍት መድኃኒት አይደሉም።

ሆኖም በዚህ ሁሉ የማይድን ጭንቀት አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰብ ኀዘንና ፍርሃት ደርሶበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ተዝናና ብሎ መምከር ብቻ ቁስሉን መናቅ ይሆናል። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፥ ከምግብና ከሰው የራቀ፥ መኖርን የጠላ ሰው ቢኖር፥ ቤተ ሰቡ ሳያፍር ወደ ሐኪም ሊያደርሰው ይገባል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። የደም ግፊቱም 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ደጋግሞ የተገኘበት ሰው ዕረፍቱን ከሕክምና ጋር ያስተባብር።

በጠቅላላው ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር የሚነግረን ይህ ነው፤ ጭንቀትን ከሰው ሕይወት ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፥ ዳርቻ ማበጀት ግን ይቻላል። ለገበሬው በዓሉ፥ ለተማሪው የዛፉ ጥላ ዳርቻ ሆነውለታል። ባለ ሥልጣንም የጽሕፈት ቤቱን በር ሲዘጋ ጉዳዩን ከዚያው ዘግቶ፥ ጥቂት በእግሩ ሄዶ፥ ትንፋሹን አርግቶ ወደ ቤቱ ቢገባ፥ ልጆቹ ሮጠው ይቀበሉታል፤ በማግሥቱም የባለ ጉዳዩን ነገር እስከ መጨረሻው ለመስማት ልብ ይኖረዋል።