ስለ ምስክርነትህ

የኔ ጌታ፣

እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም የማለዳ ጸሎቷን አላስታጎለችም፤ ስምህም ከአፏ አይለይም። «ይሄ እሱ የሚሄድበት ሰለብሬት ሪከቨሪ የሚሉት ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረ፣ ከሱስ ጋር የሚታገሉ ሰዎች በየሳምንቱ የሚሰበሰቡበት አገልግሎት ነው አልኳት። «ተባረኩ» አለች።

ዳላስ በየአጥቢያው ዞረህ የምታነበውን ምስክርነት ስለላክህልኝ ደስ ብሎኛል። አስቀድሞ ተጽፎ መታየቱን ወድጄዋለሁ። እልልታው ሲደምቅለት ያልሆነውን የሚጨምር ሰው አይተናልና።

ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ጌታ ከነካኝ ቀን ጀምሮ መጠጥ አምሮኝ አያውቅም» ትላለህ። ከፋሲካ በኋላ ከዚያ ሰርግ ወጥተህ የደወልክልኝስ? ውስኪው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ስታይ እጅህ እንደተንቀጠቀጠ ነግረኸኝ፣ ከሱስ ለመላቀቅ የሚያግዝህ ስፖንሰርህ እስኪደርስ መኪና ውስጥ ሆነህ አውርተናል። ሳትቀምስ ቤትህ ገባህ። ለእኔ ከታሪክህ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው፤ አንተ ግን ትተኸዋል።

የቢል ዊልሰንን ታሪክ የነገርከኝ አንተው ነህ። እ.ኤ.አ. በ1935 አክረን ከተማ ለሥራ ሄዶ ነገሩ ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ወራት አልፈውታል፤ ሆኖም የሆቴሉ ቡና ቤት ጠራው። ያኔ ወደ አንድ ቄስ ደወለ። የፈለገው መካሪ አልነበረም፤ እንደ እሱ በመጠጥ የተቸገረ የሚያናግረው ሰው ነው። በዚያ ስልክ ሰበብ ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኝተው ለሰዓታት አወሩ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ከዚያ ተወለደ። ቢል ባያምረው ኖሮ ባልደወለም።

ከሚሰሙህ መካከል ካቆመ በኋላም የሚያምረው ሰው አይጠፋም። «እኔን ጌታ አልነካኝም ማለት ነው» ብሎ እንዳይወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አንተ ብትደብቅ ግን መድኃኒቱን የሚያጣው እሱ ነው።

የእማዬን የአንገት ሀብል መሸጥህን የጻፍከውን ደግሞ ሳትጠይቃት አታንብብ። በቡድናችሁ የተነገረ እዚያው ይቀራል፤ የቤተ ክርስቲያን መድረክ ግን በዩቲዩብ ይተላለፋል፣ የሰፈራችን እናቶችም ያያሉ። ይቅር ብላሃለች፤ ታሪኩ ግን የእሷም ነው። እንደማውቃት «አንብበው ልጄ» ማለቷ አይቀርም፤ ቢሆንም ትጠየቅ።

ሰርጉን ጨምረህ መልሰህ ላክልኝ። ከእሁድ በፊት አነበዋለሁ።

በጣም የምትወድህ እህትህ