በምጣድ ዙሪያ የተከበረ የጋብቻ በዓል

የጋብቻችሁን በዓል ለማክበር ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔና ባለቤቴ አሥራ ሁለተኛ ዓመታችንን ያከበርነው በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ በአንድ የጃፓን ምግብ ቤት ነው። የጸሎት ኅብረታችን ወዳጆች የስጦታ ካርድ ሰጥተውን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ካርዱ ባይኖር ኖሮ ከቤት አንወጣም ነበር። ባለቤቴ ሳያማክረኝ ለወንድሙ ብዙ ገንዘብ መላኩን ካወቅሁ ወዲህ ለሦስት ሳምንት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

ምግቡ ቴፓንያኪ ይባላል። “ቴፓን” የብረት ምጣድ ሲሆን “ያኪ” ደግሞ የተጠበሰ ማለት ነው። ሥጋን በእንግዳ ፊት በብረት ምጣድ ላይ የመጥበሱ ልማድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1945 በኮቤ ከተማ በተከፈተው ሚሶኖ በተባለ ምግብ ቤት እንደ ሆነ ይነገራል። በአሜሪካ እንዲታወቅ ያደረገው ደግሞ ሮኪ አኦኪ የተባለ ጃፓናዊ የትግል ስፖርተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ቤኒሃናን ከፈተ። ብዙ አሜሪካውያን ምግቡን “ሂባቺ” ይሉታል። በጃፓን ግን ሂባቺ ማለት እጅ የሚሞቅበት የከሰል ማንደጃ ነው።

እዚያ ስትገቡ ለብቻችሁ የምትቀመጡበት ጠረጴዛ አትጠብቁ። ስምንት ያህል ሰዎች በአንድ ትልቅ ምጣድ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እኛም ልደታቸውን ከሚያከብሩ አንዲት አረጋዊት እናትና ከልጆቻቸው ጋር ተቀመጥን። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ምግብ አብሳዩን ያያሉ እንጂ ፊት ለፊት አይተያዩም። ለተኳረፈ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው!

ምግብ አብሳዩ ረጅም ቆብ አድርጎ መጣ። ቢላዋውን እያንቀጫቀጨ ሽንኩርቱን ቀለበት ቀለበት አድርጎ ደራረበና ዘይት አፍስሶ በእሳት ሲለኩሰው እንደ እሳተ ገሞራ ነደደ። ቀጥሎ ሩዙን ከእንቁላል ጋር ጠበሰ፤ ከዚያም ሥጋውንና ሽሪምፑን። ባለቤቴን አፉን እንዲከፍት ነግሮት አንዲት የዝኩኒ ቁራጭ ወረወረለት። ቁራጯ አፉን ስታ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ አረፈች። ሳላስበው ሳቅሁ። እርሱም ሳቀና ከሳህኑ አንድ ሽሪምፕ አንሥቶ አጎረሰኝ። አሜሪካውያኑ አጨበጨቡ። እኔ ግን “አንድ ጉርሻ ያጣላል” አልኩት። ወዲያው ሁለተኛውን አጎረሰኝ።

ሽሪምፕ ትዳርን አይፈውስም። ነገር ግን መኪናችን ውስጥ ስንገባ ሁለታችንም ለመነጋገር ልባችን ተከፍቶ ነበር። ገንዘቡ ለእናቱ ሕክምና እንደ ነበረና እምቢ እንዳልለው ፈርቶ መደበቁን ነገረኝ። እኔም እርሱን ሳልጠይቅ ለእህቴ ማማቴን ተናዘዝኩ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ምንም ገንዘብ ሳንመካከር ላንልክ ተስማማን።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታ ለደከሙት ደቀ መዛሙርት በከሰል እሳት ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። እኛ ግን ስንጣላ ጥያቄውን እናስቀድማለን፤ ማዕዱንም እናርቃለን።

እንግዲህ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ ቦታ ያዙ። አንዳንድ ቦታ ምግቡ ላይ ሳኬ የተባለ የሩዝ መጠጥ ስለሚጨመር እንዲተዉላችሁ ንገሯቸው፤ እኛም ጠይቀን በደስታ ትተውልናል። ለአስተናጋጁ ጉርሻ መተውም አትርሱ። አቅሙ ከሌለ ደግሞ ቤታችሁ ያለው ምጣድ ይበቃል፤ ዋናው በዙሪያው አብሮ መቀመጡ ነው። ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ!